ፔካ 12 የማይደርሰው ቻናል

ይድረስ ለተከበሩ ሐጂ ሙጠሊብ
የድሬና የሐረር ነጋዴዎች፣ ሹፌሮችና ሠራተኞች የሬዲዮ መረዳጃ ማኅበር ሊቀመንበር
ካርቲየ 2፣ ጅቡቲ

ጉዳዩ፦ የጋራውን ቻናልና የሀዊን ሬዲዮ ይመለከታል

ክቡር ሐጂ፣

አሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላህ። ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ፣ ለጉሮሮዎ፣ በተለይም የሬዲዮውን ቁልፍ ተጭኖ ለሚውለው ለቀኝ አውራ ጣትዎ አፊያን እመኛለሁ። ቤቱ እንዴት ነው? መደብሩ እንዴት ነው? ሙቀቱስ እንዴት ይዞዎታል? ራስዎ ባወጡት ደንብ መሠረት ሰላምታ ሳይሟላ ጉዳይ ማንሳት ክልክል ስለሆነ፣ ይህንን አንቀጽ ሙሉ በሙሉ ለሰላምታ መድቤዋለሁ። አክስቶችዎም ደህና እንደሆኑ ተስፋ አደርጋለሁ።

ስሜ ዙለይካ ነው። እርስዎ ያውቁኛል፤ ከፍራሽ መደብርዎ ጥቂት በር ወረድ ብዬ ድሪያና ሻሽ የምሸጠው ሴት ነኝ። ለማያውቁኝ አንባቢዎች ግን አንድ ነገር ልጨምር። በየሰው ቤት ተቀጥረው እዚያው የሚያድሩትን የአገራችንን ሴቶች ከሰዓት በኋላ በሬዲዮ ስማቸውን እየጠራሁ፣ «አለሁ» ሲሉኝ እሰማለሁ። ሥራው ይኸው ነው። ኤሌኒ «አለሁ፤ ግን ደክሞኛል» ትላለች፤ ከተዋወቅን ጀምሮ ደክሟት ነው። ሌላዋ ሽንኩርት እየላጠች ታስነጥስብኛለች። አንዷ ካልመለሰች ሰው እንልካለን፤ የቤቱ በር ይንኳኳል፤ ደህና መሆኗ በዓይን ይታያል። ስልክ የለም ወይ ለሚሉኝ፣ የብዙዎቹን ስልክ በሥራ ሰዓት ማዳሞቻቸው ይይዙታል። ሬዲዮዋን ግን ማንም አልጠረጠራትም፤ ከሴቶቹ አንዷ የሆነችው የሀዊ ማዳም እንዲያውም ሕፃን ሲያለቅስ የሚሰማበት ዕቃ መስሏት ዝም ብላለች።

ከስሞታ በፊት ምስጋና ማስቀደም ያደግሁበት ወግ ነው። ይህንን ማኅበር ያቋቋሙት እርስዎ ነዎት፤ ሐቁን አልክድም። ከዚያ በፊት መንገድ ላይ የቀረ ሹፌር ወሬው የሚሰማው ከአላፊ አግዳሚ ነበር። ዛሬ ያ ቀርቶ፣ የሹፌሩ መቅረት ብቻ ሳይሆን እርስዎ ለምሳ ምን እንደበሉና እንዴት እንደተስማማዎትም ከተማው ሁሉ በአንድ ጊዜ ይሰማል። ለዚህም ሜርሲ ከማለት በቀር ቃል የለኝም። አሁን በፈቃድዎ ወደ ስሞታዬ ልግባ።

አንደኛ፦ ሪፒተር የሚባለውን መሣሪያ ይመለከታል። ይህ መሣሪያ ከከተማው ዳር፣ የጭነት መኪኖች ተራ በሚጠብቁበት በፔካ 12 በኩል ካለው ጉብታ ላይ ቆሞ፣ ሩቅ ያለ ሰው በትንሿ የእጅ ሬዲዮ የሚናገረውን ደካማ ድምፅ ተቀብሎ ጉልበት እየጨመረ ለሁላችንም የሚያሰማልን ነው። በእሱ በኩል የሚያልፈውም «የጋራው ቻናል» የምንለው ነው። የተተከለው እንግዲህ ለራቀ ሰው ነው። የእርስዎና የወዳጅዎ የአቶ ኒዛር መደብሮች ደግሞ ፊት ለፊት ናቸው። እኔ በሬ ላይ ተቀምጬ ሁለታችሁንም አያችኋለሁ። እርስዎ «ሻይ ይምጣ ወይ?» ሲሉ ድምፅዎ ከካርቲየ 2 ተነስቶ፣ ከተማውን አቋርጦ፣ ፔካ 12 ጉብታ ላይ ወጥቶ፣ እንደገና ያንን ሁሉ አገር ተመልሶ መንገዱን ይሻገራል። አቶ ኒዛርም በመስኮት እያዩዎት፣ ስኳር እንዲቀነስ በዚያው ረጅም መንገድ ያስታውቃሉ። በመካከላችሁ ያለው አንዲት ጠባብ መንገድ እንጂ ባሕር አለመሆኑን በትሕትና ለማስታወስ ያህል ነው።

ሁለተኛ፦ «ሰላምታ ይቀድማል» የሚለውን ደንብ ይመለከታል። እኔም የድሬ ልጅ ነኝ፤ ያለ ሰላምታ ነገር የሚጀምር ሰው ፊቴን አዞርበታለሁ። ነገር ግን ሹፌሩ ሶሬሳ ባለፈው ቁልቁለቱን ሲወርድ ፍሬን እምቢ ቢለው፣ ፔካ 12 ያሉ ሹፌሮች መንገዱን እንዲያስለቅቁለት በጋራው ቻናል ተጣራ። እርስዎም በዚያ በረጋ ድምፅዎ የእናቱን ጤና፣ የአማቶቹን ሁኔታ፣ ድሬ ላይ ዝናብ መጣል አለመጣሉን ጠየቁት። ሶሬሳ ጨዋ ልጅ ነው፤ አንድ በአንድ መለሰልዎት። ሁሉም ደህና መሆናቸውን ከዘረዘረ በኋላ፣ ደህና ያልሆነው ፍሬኑ ብቻ እንደሆነ ነገረዎት። አላህ ሲያወጣው መንገድ ዳር የተከመረ አሸዋ አገኘና እሱ ውስጥ ገብቶ ቆመ። እርስዎም «አልሐምዱሊላህ» ብለው ወደ አቶ ኒዛር ሻይ ተመለሱ።

ሦስተኛ፦ ለማንኛውም ወሬ ሁሉ የሚቋረጥበት «አስቸኳይ» የሚለው ቃል፣ ስፖንጅ ፍራሽ በገባ ቁጥር ባይጠራ መልካም ነበር። ፍራሹ ጥሩ ነው፤ እኔም ተኝቼበታለሁ። የሚያስቸኩል ነገር ግን አላየሁበትም።

አራተኛ፦ ወደ ዋናው ልምጣ። በከተማችን ቀትር ላይ ጫቱ ሲገባ ሱቅ ሁሉ ይዘጋል፤ ሰው ጥላ ጥላውን ይይዛል፤ ወንዱም ለበርጫ ይቀመጣል። ማዳሞቹ የሚተኙትም በዚያው ሰዓት ነው። ስለዚህ እርስዎ ምርቃናዎ ሞቅ ብሎ ሐሳብዎ የሚሰፋበት ሰዓትና ሀዊ ጓዳ ገብታ «አለሁ» የምትልበት ሰዓት አንድ ሆነ። አንደኛው ለሌላው መልቀቅ ነበረበት። ማን እንደለቀቀ የሚጠይቅ አንባቢ ጅቡቲን አያውቃትም።

የሴቶቹ የስም ጥሪ የጋራውን ቻናል ያጨናንቃል ብለው፣ በአየር ላይ ባወጁት አዋጅ ወደ ሰባተኛው ቻናል አዛወሩን። ሰባተኛው በሪፒተሩ በኩል አያልፍም፤ ከሬዲዮ ወደ ሬዲዮ በቀጥታ ነው፤ ከካርቲየ 2 ተነስቶ ካርቲየ 4 ከደረሰ እሰየው ነው። በጋራው ቻናል ዳግመኛ ድርሽ እንዳንል ከከለከሉን በኋላ፣ ለማጽናኛ «ዝምታ ወርቅ ነው» የሚለውን ተረት ጨመሩልን። ይህንን ወርቅ ለራስዎ ምንም ሳያስቀሩ ሙሉ በሙሉ ለእኛ ስለለገሱን፣ ቸርነትዎ ሲወሳ ይኖራል።

ሀዊ የምትሠራው ከፔካ 12 አለፍ ብሎ ባለ ብቸኛ ግቢ ውስጥ ነው። ያለ ሪፒተሩ ድምፅዋ ከአጥሩ ብዙም አይርቅም። ከአዋጁ ቀን ጀምሮ ስሟን እጠራለሁ፤ የሚመልስልኝ የሬዲዮው ሽሽሽታ ነው። ቀድሞ ሀዊ ዝም ካለች ክፉ ነገር ገጥሟታል ማለት ነበር። አሁን ግን ዝምታዋ የዘወትር ሆነ። ሁልጊዜ ዝም የሚል ሰው አንድ ቀን የምር ዝም ቢል በምን ይታወቃል? ይህንን ጥያቄ ለኮሚቴው በአካል ላቀርብ ሄጄ ነበር፤ ኮሚቴው በርጫ ላይ ነበር።

አምስተኛ ብዬ መቀጠል ነበረብኝ። የሚከተለው ግን በቁጥር የሚጻፍ አይደለም።

ባለፈው ሳምንት የሀዊ ማዳም ሙቀቱን ሽሽት ቤተሰቧን ይዛ ወደ አርታ ወጣች። የግቢውን በር ከውጭ ቆለፈች፤ የሀዊን ስልክም እንደ ልማዷ መሳቢያ ውስጥ ዘግታበት ሄደች። ሀዊ የደረቀውን ልብስ ልታወርድ ጣሪያ ላይ ወጥታ ስትመለስ፣ ከውጭው ደረጃ ላይ እግሯ ከዳትና ወደቀች። መነሳት አቃታት። ቧንቧው ከግቢው ወዲያኛው ጫፍ ነው። ጥላውም እየሸሸ ነበር። የሰኔን ፀሐይ ለጅቡቲ ሰው አላስረዳም። በኪሷ ያለችው ያቺ ሬዲዮ ብቻ ነበረች።

ሀዊ መጀመሪያ የታዘዘችውን አደረገች፤ በሰባተኛው ቻናል ተጣራች። እኔም በዚያው ሰዓት በሱቄ ውስጥ ተቀምጬ፣ በዚያው በሰባተኛው ቻናል ስሟን እጠራ ነበር። እሷ እኔን ትጠራለች፣ እኔ እሷን እጠራለሁ፤ አንዳችንም ሌላዋን አልሰማንም። እኔማ ለመደብኝና ወደሚቀጥለው ስም አለፍኩ።

ሲጨንቃት ደንብ ጥሳ ወደ ጋራው ቻናል ዞረች። እዚያ እርስዎና አቶ ኒዛር ጥጥ ፍራሽ ይሻላል ወይስ ስፖንጅ እያላችሁ ትከራከሩ ነበር። አንዱ ተናግሮ ለሌላው ሲለቅ በመሃል አንዲት ትንፋሽ ያህል ዝም እንዲባል፣ የቸገረው ሰው በዚያች እንዲገባ፣ ማኅበሩ ሲመሠረት ያስተማሩን እርስዎ ነበሩ። ሀዊ ትምህርቱን አልረሳችም፤ ያቺን ትንፋሽ ጠበቀች። እናንተ ደግሞ ለትንፋሽ የሚሆን ጊዜ አልነበራችሁም። በመጨረሻ አቶ ኒዛርን ሳል ሲይዛቸው ገባችና ሀዊ መሆኗን፣ መውደቋን ተናገረች። እርስዎ የመለሱላትን ቃል ከሶሬሳም ከሌሎች ሹፌሮችም አጣርቻለሁ፤ ሳልጨምር ሳልቀንስ እነሆ።

«ልጄ፣ ይህ ቻናል የእናንተ አይደለም። ደግሞም ሰላምታ ይቀድማል።»

እሷም «ይቅርታ፣ ሐጂ» ብላ ወደ ሰባተኛው ተመለሰች።

ክቡር ሐጂ፣ ይቺን «ይቅርታ፣ ሐጂ» ባሰብኳት ቁጥር አንጀቴ ይቃጠላል። እግሯ ተሰብሮ፣ ጉሮሮዋ ደርቆ፣ ይቅርታ የጠየቀችው እሷ ናት። እዚህ ላይ ቅኔውን ትቼ በግልጽ አማርኛ ልናገር፤ ተናድጃለሁ። እንኳን እኔ፣ የሰማው ሁሉ ተናዷል። ይህንን ካልኩ በኋላ ወደ ጨዋነቴ እመለሳለሁ።

ፔካ 12 ላይ ተራውን እየጠበቀ ከመኪናው ሥር ተጋድሞ የነበረው ሶሬሳ ይህንን ሁሉ ሰማ። የተጎዳ ሰው ድምፅ ለመለየት ሊቀመንበር መሆን አያስፈልግም። በጋራው ቻናል ገብቶ ሁለታችሁንም «ዝም በሉ» አለ፤ ብልግና ነው፣ አልደግፈውም፣ አንድ ጊዜ ብቻ በማለቱም አዝኛለሁ። ከዚያ ሰባተኛውን ከፈተ። ቅርብ ስለነበር ሰማት፤ የበሩን ቀለም እየነገረችው ሄዶ ግቢውን አገኘው። አጥር ሲዘል የጎረቤት ዘበኛ ሌባ መስሎት በዱላ አንዴ ጀርባውን አቀመሰው። ሁለተኛውን ሊደግም ሲል የሀዊን ማቃሰት ሰማና ዱላውን ጥሎ አብሮት ዘለለ፤ ተጋግዘውም አወጧት። ሐኪሙ ቁርጭምጭሚቷ እንደተሰበረ ነገረን። ፀሐዩ ላይ እስኪመሽ ቆይታ ቢሆን ኖሮ ግን ስለ እግሯ የሚነጋገር ሰው እንደማይኖር ጨመረልን።

ኮሚቴው ይህንን ሁሉ በጥሞና መርምሮ ጥፋተኛውን አገኘ። ሀዊ ናት። በተከለከለ ቻናል ገብታለች፤ ሰላምታም ዘላለች። ስለዚህ ሬዲዮዋን እስከ ዓርብ እንድትመልስ ተወሰነ። ለሶሬሳም ማስጠንቀቂያ ተሰጠው። የሰው አጥር በመዝለሉ ቢሆን እሺ፤ የተሰጠው ግን የፍራሹ ክርክር ሳያልቅ ስላቋረጠ ነው። ፍትሕ እንዲህ ሲፈጥን ማየት ደስ ይላል፤ ለሀዊ ጥሪ እንዲህ ቢፈጥን ደግሞ የበለጠ ደስ ይል ነበር።

ሀዊ አሁን እኔ ቤት ናት፤ እግሯ በጄሶ ታስሯል። ማዳሟ ከአርታ ተመልሳ ልብሱ ለምን እንዳልታጠፈ ጠይቃለች። ሀዊ ሲሻላት ወደዚያው ግቢ ትመለሳለች፤ አትመለሺ ብያት ነበር፤ ሀዊ ግን ድሬ ያለችው እናቷ ከእሷ በቀር ጧሪ እንደሌላት ነገረችኝ። ከዚያ በሩ እንደገና ከውጭ ይቆለፍባታል። ስለዚህ ሬዲዮዋ ለእርስዎ የደንብ ጉዳይ ሊሆን ይችላል። ለእሷ ግን ከዚያ አጥር ጀርባ በሕይወት መኖሯን የሚያውቅ ሰው የማግኘትና የማጣት ጉዳይ ነው።

የምለምንዎት ጥቂት ነው። የሀዊ ሬዲዮ ከሀዊ ጋር ይቆይ። በበርጫው ሰዓት ደግሞ አንድ ብርጭቆ ሻይ እስኪበርድ ያህል የጋራውን ቻናል ለስም ጥሪ ይልቀቁልን፤ የሩቆቹን ጠርተን ወዲያው እንመልስልዎታለን። እስከዚያው እርስዎና አቶ ኒዛር መስኮት ከፍታችሁ ብትጨዋወቱ፣ ድምፃችሁ ያለ ምንም መሣሪያ እንደሚሰማ እኔ ምስክር ነኝ። ሁላችንም ሳንወድ በግድ ስንሰማው ኖረናል።

ይህ የማይቻል ከሆነም አይጨነቁ፤ እኛ ደንብ አክባሪዎች ነን። ቻናሉን ተከለከልን እንጂ ደጃፍዎን አልተከለከልንም። ዓርብ የሴቶቹ የዕረፍት ቀን ስለሆነ ሁላችንም ተሰብስበን መደብርዎ ፊት እንመጣለን። ሰላምታ ስለሚቀድም እያንዳንዳችን በየተራ እርስዎን፣ ልጆችዎን፣ የልጅ ልጆችዎን፣ አማቾችዎን በስም እየጠራን ጤናቸውን እንጠይቃለን፤ መልስዎንም እስከ መጨረሻው ቆመን እናዳምጣለን። ከዚያ የስም ጥሪው በአፍ ይካሄዳል። የሀዊ ተራ ሲደርስ ምንም እንኳ በዚያን ቀን እኔ ቤት ብትሆን፣ ለልምምድ ያህል ፔካ 12 እስኪሰማ መጮኻችን አይቀርም። የበርጫዎን ታዳሚዎች ከወዲሁ ይቅርታ ይጠይቁልኝ። ኤሌኒ ድምፅዋ ወፍራም ነው።

አላህ ዕድሜዎን ያርዝመው፣ ንግግርዎን ያሳጥረው፤ ፍራሽዎ ይሸጥ፣ ጣትዎም ጥቂት ይረፍ። ቸርነትዎን በሰባተኛው ቻናል ላይ ሆና፣ ማንም በማይሰማት ድምፅ ዘወትር የምታመሰግን፣

ታዛዥ ጎረቤትዎ
ዙለይካ
የድሪያና ሻሽ ነጋዴ፣ ካርቲየ 2

ግልባጭ፦
ለአቶ ኒዛር፣ በመስኮት በኩል፤
ለሶሬሳ፣ ጀርባው ሲሻለው፤
በካርቲየ 4 ምግብ ቤቶች ግድግዳ ላይ ለሚያነብ ሰው ሁሉ።

ድኅረ ጽሑፍ፦ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላልና ይህንን ከሌላ ሰው ከሚሰሙት ከእኔ ይስሙት። ባለቤትዎ ወይዘሮ ሱሪያ ከትናንት በስቲያ ለሀዊ ሾርባ ይዘው መጥተው ነበር። ብዙ ተቀመጡ፤ የስም ጥሪው እንዴት እንደሚካሄድም አንድ በአንድ ጠየቁኝ። ትናንት በሰባተኛው ቻናል ጠርቼ ስጨርስ፣ ያልጠራሁት ድምፅ «ሱሪያም አለሁ» አለኝ። ከቁም ሳጥንዎ ውስጥ ያለችውን ትርፍ ሬዲዮ ወስደው ነው። ለካ ከሰሞኑ እያዞራቸው፣ እርስዎ በርጫ ላይ ሳሉ ወጥ ቤት ውስጥ ወድቀው ነበር። ነግረውዎታል፤ እርስዎ በአየር ላይ ነበሩ። ይህንን ልጻፍ ወይ ብዬ ሳስፈቅዳቸው፣ «ቤት ውስጥ ስነግረው አልሰማኝም፤ አደባባይ ላይ ጻፊለት» አሉኝ። ከዛሬ ጀምሮ ስማቸውን ከሀዊ ቀጥሎ እጠራለሁ። አንድ ቀን ጠርቻቸው ባይመልሱ ለእርስዎ በምን በኩል ልንገርዎት? የጋራው ቻናል እንደሆነ ሁልጊዜ ተይዟል።